ቴስታታው ሳይወርድ፦ የአንዲት ቪትዝ ጉዳይ

ጎረቤቴ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። የምትነዳው እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራች ቪትዝ ናት። ከኋላዋ «ያሪስ» የሚል ተለጥፎባታል፤ አዲስ አበባ ግን ቪትዝ ካለ ቪትዝ ናት። ከቶዮታ የፈረንሳይ ፋብሪካ የወጣች ናት፤ ሞተሯ ባለ 1 ሊትር፣ ባለ 3 ሲሊንደር። መካኒኮች «ዋን ኬ አር» የሚሉት፣ በትንሽ ቤንዚን ብዙ በመሄዱ የሚወደድ ሞተር ነው።

አንድ ማታ ደረጃው ላይ ተገናኘን። «ጋሼ፣ ቴስታታው ይወርዳል አሉኝ። እውነት ይሆን?» አለችኝ። ቴስታታ ማለት ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ራስ ነው። መኪና በትርፍ ጊዜዬ እንደምነካካ ታውቃለች፤ ሙያዬ አለመሆኑንም ታውቃለች። የፈለገችው ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ሌላ ሰው እንዲያይላት ነበር።

አቤቱታዋ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቤንዚን። የቀዳችውን ሊትርና የቆጣሪውን ኪሎ ሜትር በደብተር ትመዘግባለች። በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድ የነበረች መኪና አሁን 11 ተኩል ላይ ናት። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ይሄ ልዩነት ኪስ መጉዳት ጀመረ። ሁለተኛው፣ የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ውስጡ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ለጥፎ ይታያል። ሦስተኛው፣ ጠዋት ጠዋት ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ ነጭ ጭስ ይወጣል።

የወሰደችበት ጋራዥ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አረፋውን አየና ፈረደ። «የቴስታታ ጋርኒሲዮን ሄዷል፤ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል።» ጋርኒሲዮን በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ገብቶ ውሃ፣ ዘይትና ጋዝ እንዳይቀላቀሉ የሚያሽግ ስስ ንጣፍ ነው። ስለዚህ ቴስታታው ይወርዳል፣ ፊቱ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ አዲስ ጋርኒሲዮን ይገባል፣ ዘይትና ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይቀየራል። የነገሯት ዋጋ ከወር ደሞዟ በላይ ነበር። መኪናዋም ቢያንስ ሳምንት ትቆማለች።

ፍርዱ መሠረት የለውም አልልም። ነጭ አረፋ፣ ነጭ ጭስና የቤንዚን መብዛት አንድ ላይ ሲመጡ ማንም መካኒክ መጀመሪያ የሚያስበው ጋርኒሲዮን ነው። ችግሩ እነዚሁ ሦስት ምልክቶች ከሌላ ቦታም ሊመጡ መቻላቸው ነው። ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ የሚሠራ ከሆነ፣ ቴስታታው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ሦስቱም ይታያሉ። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ መፍታት አያስፈልግም። መለካት ይበቃል።

ጋራዥ የማያየው ሞተር

ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ጥገና ሲወራ ሁሉም ስለ ገንዘብ ነው የሚያወራው። እኔ ትልቁ ጥቅም ሌላ ይመስለኛል። ጋራዥ ቀዝቃዛ ሞተር አያይም። መኪናዋን ነድተሽ ነው የምትወስጃት፤ ስትደርሺ ሞቃለች። መካኒኩም ወረፋ አለበት፤ እስክትቀዘቅዝ ሦስትና አራት ሰዓት አይጠብቅም። የጋርኒሲዮን ምርመራ ግን ዋናው ክፍሉ ሌሊቱን ሙሉ በቆመ ሞተር ላይ የሚደረግ ነው። ይሄን ማድረግ የሚችለው መኪናዋ ደጁ ያደረችለት ሰው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማንም ቁልፍ ሳያዞር፣ ፓርኪንጉ ላይ ተገናኘን። እሷ፣ ታናሽ ወንድሟና እኔ። የጥበቃው አባባም «ዘይት መሬት ላይ እንዳይፈስ!» ብለው አስጠንቅቀው አጠገባችን ቆሙ፤ እስከ መጨረሻውም አልሄዱም።

መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አደጋ የለውም። የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት ግን ፊትና እጅ ይቀቅላል፤ ይሄን ለታናሽ ወንድሟ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ለወራት አልጨመረችም። ጋርኒሲዮን የበላ ሞተር ብዙውን ጊዜ ውሃ ይጠጣል፤ ይቺ አልጠጣችም። ላዩ ላይ የዘይት ዓይን አይታይም። ቀለሙ ግን ሮዝም ቀይም አይደለም፣ የሻይ ዓይነት ቡናማ ነው። ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ከዝገት ጋር ነው ያለው። ይሄ ራሱን የቻለ ችግር ስለሆነ ለጊዜው ተመዘገበ።

የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጣ። ዘይቱ ጠቁሯል፤ ወተት የመሰለ ነገር ግን የለበትም። አረፋው ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። ካርተር (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ውሃ ቢገባ ኖሮ ዘንጉም ያሳይ ነበር።

ቀጥሎ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ሦስቱንም ካንዴላዎች አውጥተን ጨርቅ ላይ ደረደርናቸው። ይሄ በጣም የምወደው ምርመራ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሞተሩም ራሱ ይመሰክራል። ጋርኒሲዮኑ ወደ አንዱ ሲሊንደር ውሃ ቢያስገባ የዚያ ሲሊንደር ካንዴላ በእንፋሎት ታጥቦ ከሌሎቹ ይለያል። እዚህ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስቱም ደረቅ ጥቀርሻ ለብሰዋል። ጥቀርሻ ማለት ቤንዚን ከሚገባው በላይ እየገባ ነው ማለት ነው። ከደብተሯ ጋር ይገጥማል።

ካንዴላዎቹን መልሰን፣ የራዲያተሩን ክዳን እንደተከፈተ ትተን፣ ሞተሩን አስነሳን። ጋርኒሲዮን ያለቀበት ሞተር የሚቃጠለውን ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገፋ ራዲያተሩ አፍ ላይ የማያቋርጥ አረፋ ይታያል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት አረፋ ወጣና ቆመ።

እዚህ ላይ የጋርኒሲዮኑ ክስ ሊዘጋ ተቃርቧል። ግን ራዲያተሩ አፍ ላይ አጎንብሰን እያየን ሌላ ነገር አየን። ውሃው ይሄዳል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃው ግን ራዲያተሩ ውስጥ ይፈስሳል።

ሰማያዊዋ መብራት

ጤነኛ መኪና ላይ ይሄ አይሆንም። በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ቴርሞስታት የሚባል በር አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግቶ ይቆያል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። እስከዚያ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። የዚች መኪና በር ግን ወይ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ ጭራሽ የለም።

ሌላም ነገር አለ። ቁልፉ ከዞረበት ጊዜ ጀምሮ የራዲያተሩ ፋን ይሠራል። ፋን ሞተሩ ሲሞቅ ነው መነሳት ያለበት። በብርድ ጠዋት፣ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ምን ይሠራል?

ስልክ ላይ የሚያሳየውን የብሉቱዝ ስካነር መሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ሰክተን የውሃውን ሙቀት ማንበብ ጀመርን። ይሄ ትንሽ ዕቃ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ዓይን ማለት ነው፤ ምክንያቱም ይሄ ሞዴል የሙቀት መርፌ የለውም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ሲግል ቀይ መብራት ያሳያል። በመካከል ያለውን አይናገርም።

ከሰሚት እስከ መገናኛ ደርሰን ተመለስን። ሙቀቱ 60ዎቹን አላለፈም። ቁልቁል ስንወርድ ወደ 50ዎቹ ይወርዳል። ሰማያዊዋ መብራት ትጠፋለች፣ ተመልሳ ትበራለች።

«እሷ እኮ ብዙ ጊዜ እንደበራች ናት። ቀዝቀዝ ማለቷ ጥሩ መስሎኝ» አለች። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ሞቆ መፍላቱን እንጂ ቀዝቅዞ መሥራቱን የሚፈራ የለም።

የቀዘቀዘ ሞተር ግን ይበላል። ኮምፒውተሩ የሙቀት ሴንሰሩን አይቶ «ገና ጠዋት ነው» ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ቤንዚን ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ጠዋት ነው ለሱ። የካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ከዚህ ነው የመጣው። አረፋውም ከዚሁ ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው በማርሚታ ይሄዳል፤ ትንሹ በፒስተኖቹ ጎን አልፎ ወደ ካርተር ይገባል። የሞቀ ሞተር ያንን ያተንና ያስወጣዋል። ያልሞቀ ሞተር ውስጥ ግን በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ጤዛ ይሆናል። በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ደግሞ የዘይት መሙያው ክዳን ነው። ከዘይት ጭጋግ ጋር ተገናኝቶ ያንን ነጭ ነገር ይሠራል። የጠዋቱ ነጭ ጭስም ይኸው እንፋሎት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት የማን መኪና ነው የማያጨስ?

ሦስቱም ምልክቶች በአንድ ምክንያት ተፈቱ። ቴስታታው አይወርድም።

ማን አወጣው? ለምን?

የቴርሞስታቱን ቤት ፈታን። ባዶ። ዙሪያውን ሲሊኮን ተቀብቶ ተዘግቷል። የፋኑን ሽቦ ስንከተል ደግሞ ከባትሪ ተነስቶ በቁልፉ በኩል አልፎ በቀጥታ ፋኑ ላይ የታሰረ ቀይ ሽቦ አገኘን። ፊውዝ የለውም። በኔ ግምት ከመኪናዋ ችግሮች ሁሉ አደገኛው ይሄ ነበር። ፋኑ አንድ ቀን ነክሶ መዞር ቢያቆም ሽቦው ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ትዝ ያላት። ከዓመታት በፊት ቤተሰብ ጭና ከአዳማ ስትመለስ መኪናዋ ቢሾፍቱ አካባቢ ፈልታባት ነበር። ቀይ መብራት፣ እንፋሎት፣ መንገድ ዳር መቆም። በአቅራቢያው የነበረ መካኒክ መጣና ሠራላት። «ቴርሞስታት ለኛ አገር አያስፈልግም፣ የፈረንጅ ብርድ ነው» ብሎ አወጣው። ፋኑንም «ዳይሬክት» አደረገላት። ከዚያ በኋላ አልፈላችም። ደብተሯን ከፍተን ስናይ የቤንዚኑ ቁጥር የተሰበረው ልክ ከዚያ ወር ጀምሮ ነው። ቁጥር የሚመዘግብ ሰው ጉዳዩን እንዴት እንደሚያቀል እዚህ ላይ ነው ያየሁት።

መካኒኩን ለመውቀስ አልቸኩልም። ልጆች የያዘች ሴት መንገድ ዳር ቆማለች፤ ቤቷ ማድረስ ነበረበት፤ አደረሳት። ጉድለቱ ሌላ ነው። «ይሄ ጊዜያዊ ነው፤ አዲስ አበባ ስትደርሺ ቴርሞስታት አስገቢ፣ ለምን እንደፈላችም አስመርምሪ» አላላትም። «ለኛ አገር አያስፈልግም» የሚለው አባባል ደግሞ ከልብ አይዋጥልኝም። ቴርሞስታት የሚጠብቀው የሞተሩን ሙቀት እንጂ የአገሩን አይደለም።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። ቴርሞስታቱን ብንመልስ፣ ሽቦውን ብንቆርጥ፣ መኪናዋ ተመልሳ አትፈላም ወይ? ያኔ ለምን ፈላች? ብዙ ጥገና እዚህ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ይቆማል። የጎደለው ዕቃ ይገባል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ የመጀመሪያው በሽታ እንደተደበቀ ይቀራል።

መልሱን ያገኘነው እጃችን ላይ የነበረውን የራዲያተር ክዳን ገልብጠን ስናየው ነው። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስፕሪንጉም ላልቷል፤ በአውራ ጣት በቀላሉ ይገባል።

ይቺ ክዳን መዝጊያ ብቻ አይደለችም። የግፊት በር ናት። ብዙ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 1.1 ወይም 108 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ ውሃውን ምን ያህል ግፊት ላይ እንደምትይዘው ነው የሚናገረው። ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ያስፈልገዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ሲጨምርበት ያው ውሃ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጉ። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 82 ላይ ነው። ፋኑን ኮምፒውተሩ የሚያስነሳው በ90ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ደግሞ ውሃው አዲስ አበባ ላይ 92፣ አዳማ ላይ ደግሞ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ማለትም ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል።

የቢሾፍቱው መካኒክ ያየው ይሄንን ነው። ኮፈኑን ሲከፍት ውሃው እየፈላ ነው፤ ፋኑ ቆሟል። ማንም ቢሆን «ፋኑ ሞቷል» ይላል። ፋኑ ግን አልሞተም፤ የሚነሳበት ሰዓት አልደረሰም ነበር። ቀይ መብራቱም የመጣው ውሃው ተፍቶ ከጎደለ በኋላ መሆን አለበት። ይሄ የኔ ግምት ነው፤ የሆነውን በሌላ መንገድ ማስረዳት ግን አልቻልኩም። የአንዲት ትንሽ ክዳን ጎማ ደረቀ፣ ከዚያ ቴርሞስታት ወጣ፣ ፋን ዳይሬክት ሆነ፣ ቤንዚን በዛ፣ በመጨረሻ ቴስታታ ሊወርድ ሆነ።

ሥራው

ዕቃውን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሄደች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያሉትን መኪናዎች ማቆየት የሁሉም ጭንቀት ነው፤ የመለዋወጫ ገበያውም ይሄን ያውቃል። ለአንድ ቴርሞስታት ሦስት ዋጋ ይነግሩሻል፤ ኦሪጅናል፣ «ኦሪጅናል የሚመስል» እና ሌላው። የመካከለኛውን ይዛ መጣች።

አዲስ ዕቃ ሳይፈተሽ አይገባም። ቴርሞስታት ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ይፈተሻል። ከድስቱ ግርጌ እንዳይነካ በክር አንጠልጥለን፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ አድርገን ውሃውን አሞቅነው። 70 ሳይሞላ መከፈት ጀመረ። ሲቀዘቅዝም ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። አዲስ ብልሹ! ሻጩ ግን ሳይከራከር በኦሪጅናሉ ለወጠላት፤ ልዩነቱን ከፈለች። ሁለተኛው 82 ላይ ልክ እንደ ሰዓት ተከፈተ። የፋብሪካው መመሪያ ሙሉ መከፈቱን 95 ዲግሪ ላይ ለኩ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ክፍት ድስት 95 አይደርስም፤ 92 ላይ ፈልቶ ያበቃል። ባየነው ረክተን አወጣነው።

ራዲያተሩን ከሥር ከፍተን ቡናማውን ውሃ በጀሪካን ተቀበልነው። ንጹሕ ውሃ ሞልተን፣ ሞተሩን አስነስተን፣ አቀዝቅዘን አፈሰስነው። ጥርት እስኪል ደጋገምነው። ይሄ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግማሽ ቀኑ በዚህ ሄደ። በራዲያተሩና በኤሲው ኮንዴንሰር መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራና ላባም በቀስታ ከኋላ ወደ ፊት በውሃ አጠብነው። በከፍተኛ ግፊት ማጠብ ክንፎቹን ያጣጥፋል።

ቴርሞስታቱ ላይ አንዲት ትንሽ የምትንቀጠቀጥ ፒን አለች። አየር የምታሳልፍ ናት። ስትገጠም ወደ ላይ መሆን አለባት። ብዙ ሰው ይሄን አያይም፤ ከዚያ አየር ይታሰርና መኪናዋ ያለ ምክንያት ትግላለች። የቴርሞስታቱን ቤት በአዲስ ጎማ እንጂ በሲሊኮን አልዘጋነውም።

ኩላንት ላይ አንድ ስሌት አለ። የዚች ሞተር ሙሉ መጠን 4 ሊትር ገደማ ነው። ታጥቦ ከፈሰሰ በኋላም ሞተሩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ይቀራል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ብትጨምሪ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ሆኖ ይቀጥናል። ያልተቀላቀለውን ወፍራሙን ገዝተን መጀመሪያ 2 ሊትር ከተትን፤ የቀረውን በባትሪ ውሃ ሞላን። የባትሪ ውሃ የተጣራ ስለሆነ ዝገትና ድንጋይ አይሠራም። ስትገዢ ግን አሲድ እንዳይሰጡሽ ጽሑፉን አንብቢ። ኩላንት ደግሞ ጣፋጭ መርዝ ነው። ሕፃንም ውሻም ይልሰዋል፤ ኩላሊት ይገድላል። መሬት ላይ የጠበጠበውን ታናሽ ወንድሟ በብዙ ውሃ አጠበው፤ የጥበቃው አባባም ተከታትለው አሳጠቡት።

ቀዩ ሽቦ ተቆርጦ ወጣ። የፋኑ የፋብሪካ ሶኬት ተፈትቶ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ጠርገን መለስነው። ፋኑ ደህና መሆኑን ለማየት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ኤሲ ሲበራ ፋኑ አብሮ ይነሳል። ተነሳ። ስንት ዓመት ሙሉ በደህና ሽቦ ፈንታ ፊውዝ በሌለው ሽቦ ሲሠራ የኖረ ፋን!

አየሩን ማስወጣት ቀረ። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገቱ አዙረን፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተን፣ ክዳኑን ሳንገጥም አስነሳናት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የውሃው ከፍታ ቁልቁል ወረደ፤ ሞላነው፤ አዲሱን ክዳን ገጠምን። ሞተር እየሠራ እጅ ወደ ፋኑ አይቀርብም። ሞቶ የነበረ የመሰለ ፋን ሳይታሰብ ይነሳል።

ከዚያ በኋላ

ስካነሩ ላይ ሙቀቱ በአጭር ጊዜ 80ዎቹ ውስጥ ገባ። ሰማያዊዋ መብራት ጠፋች፤ አልተመለሰችም። መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ 95 ደረሰ፤ ፋኑ ተነሳ፤ ወደ 90 ወረደ። ፈተናውን እንጦጦ ላይ አደረግነው። በሽሮ ሜዳ በኩል ከአራት ሰው ጋር ዳገቱን ወጣች። እላይ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የመኪናዋ ውሃ 96 ነበር፤ አልፈላም። ክዳኑ ሥራውን እየሠራ ነው።

ዘይቱና ፊልትሮው ተቀየረ። የዘይት መሙያው ክዳን ላይ የነበረው አረፋ ተጠርጎ፣ ረጅም መንገድ ከሄደች በኋላ አልተመለሰም። በታኅሣሥ ብርድ ለአጭር አጭር መንገድ ስትነዳት ጥቂት ታየ። ያን ያህል በጤነኛ መኪናም ይታያል። ቤንዚኑ ወደ 13 ተመለሰ። 14 አልሆነም። ሞተሩም አርጅቷል፣ መንገዱም ከድሮው ተጨናንቋል፤ ሁሉንም በቴርሞስታት ላይ መጫን አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ጠብቄዋለሁ፤ መጣም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኩላንቱ መጠን ትንሽ ጎደለ። ከውሃ ፓምፑ ሥር ሮዝ ቅርፊት ተጋግሯል። የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፓምፕ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሄንኑ ሞተር የያዙት ቶዮታ አይጎ፣ ፔጆ 107 እና ሲትሮን ሲ 1 ላይም ያው ቅሬታ አለ። ለዓመታት ግፊት ስላልነበረ ያልታየ ማኅተም አሁን ግፊት ሲያገኝ ማንጠባጠብ ጀመረ። ኩላንት ደግሞ ሲደርቅ ቀለም ይተዋል፤ የቧንቧ ውሃ ቢሆን ኖሮ ተንኖ ይጠፋ ነበር። ጠገንኩ ብለሽ ሌላ ሲያንጠባጥብ «አበላሸነው» ያሰኛል። እሷም እንደዚያ ነበር ያለችው። ቅርፊቱን አሳየኋት፤ ገባት።

ፓምፑን ግቢ ውስጥ አልነካነውም። በሞተሩና በአካሉ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሞተሩን መደገፍም ሊያስፈልግ ይችላል። ፓርኪንግ ውስጥ በአንድ ክሪክ ሞተር አንጠልጥሎ መሥራት ጀግንነት አይደለም። ለጋራዥ ተሰጠ፤ በዚህ ጊዜ ግን ወረቀት ይዛ ሄደች። ቴርሞስታቱ አዲስ ነው፣ አይወጣም። ፋኑ የፋብሪካ ሽቦ ላይ ነው፣ ዳይሬክት አይደረግም። የራዲያተሩ ክዳን 1.1 ነው። ኩላንቱ ግማሽ በግማሽ ነው። ፓምፑና ቺንጊያው ብቻ ይቀየሩ።

መካኒኩ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ፤ ግን እንዳለችው ሠራ። አንድ ነገር ብቻ ተከራከራት። «አዲስ አበባ ውሃ ይበርዳል እንጂ አይረጋም፤ ግማሽ ኩላንት ምን ያደርጋል? ሲሶ ይበቃሻል» አላት። ለብርዱ ከሆነ እውነቱን ነው። ኩላንቱ የሚፈለገው ግን የአሉሚኒየም ሞተር እንዳይበላ፣ የፓምፑ ማኅተምም እንዳይደርቅ ጭምር ነው፤ ቶዮታም ግማሽ በግማሽ ነው የሚለው። የተረፈውን ወፍራም ኩላንት በጀሪካን ይዛለት ስለነበር ክርክሩ አልረዘመም። በግማሽ ሞላላት። ከዚያ ወዲህ መጠኑ አልጎደለም፤ ደብተሯ ላይም 13 ነጥብ 2 ተጽፏል።